ጽሑፍ እዚህ ይገባል

ጠባሴ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አይገጥምም፤
የደብረ ብርሃን ንፋስ ኪራይ አይከፍልም፤
ግን እንደ ባለቤት ሲያሻው ይገባል፣
ወረቀቴን ገልጦ ሳይጠይቅ ያነባል።

የመሐል ሜዳ በግ አርቢዎች ማኅበር
«ድረ ገጽ ሥራልን» ብለውኝ ነበር።
ጋቢ ደርቤ፣ ጣቴን እያሟሟቅሁ፣
ዘጠኝ ቀን ሙሉውን ቁጭ ብዬ ሣልሁ።
ሣልሁ ነው የምለው፣ ጻፍሁ አላልሁም፤
የሚጻፍ መኖሩን ማንንም አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ አውራውን በግ፤
ቀንዱ ጥምዝምዝ፣ እንደ ጣርማ በር መንገድ፣
ላቱ እንደ ትራስ ወርዶ የሚከብድ፤
ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ገጹን ሞላው።
ከሥሩ ሦስት ዓምድ፣ ሣጥን በሣጥን ላይ፣
ግራ ቀኝ የሚንሸራተቱ ሥዕሎች ከላይ፤
ሣጥኖቹ እንዳይራቆቱ፣ ለጊዜው ብዬ፣
አንዲት ዓረፍተ ነገር ገለበጥሁላቸው፦

ጽሑፍ እዚህ ይገባል።
ጽሑፍ እዚህ ይገባል።
ጽሑፍ እዚህ ይገባል።

«ለጊዜው» የተባለ ነገር፣ መቼም፣ ዕድሜው ረጅም ነው።

በሰፊው መስታወት አየሁትና አማረኝ፤
በስልክ አጠበብሁት፣ ሦስቱ ዓምድ ታጠፈልኝ፣
አንዱ አንዱን አዝሎ ቁልቁል ተሰለፈ።
«ጎበዝ» አልሁ ለራሴ፣ «በየልኩ ታጠፈ።»
ባዶ ጆንያም እኮ መታጠፍ አያቅተው።

እሑድ በሞላሌ በኩል ሽቅብ ወደ መንዝ።
ማኅበሩ ቢሮ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣
ወይዘሮ ስንቅነሽ ስልኳን ከመቀነቷ ፈታች፤
መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ከመዳፏ ያነሰ።
«እስቲ» አለች።
ጠበቅን።
ቀንድ መጣ።
ጠበቅን።
ግንባር መጣ፣ ግማሽ ዓይን፤
ኔትወርኩ አንድ ጭረት፣ እሱም ሄድ መጣ አለ፤
በጉ ራሱ ብቻ ቀርቶ የታረደ መሰለ።
«ያምራል» አለች ለወጉ። «ክትባቱ መቼ ነው?»

ወደ ታች ገፋች። ጽሑፍ እዚህ ይገባል።
ደግማ ገፋች። ጽሑፍ እዚህ ይገባል።
ቀና ብላ አየችኝ፦
«ይገባል ካልህ ለምን አላስገባኸውም?
ግባ የተባለ እንግዳ ደጅ አያድርም።»
ሚዛን የሚመዝነው ልጅ ሳቁን በክርኑ ሸፈነ።

ከመንገዱ ማዶ አቶ ድፋባቸው ባና ይሸምናል፤
ከብርዱም ከኀፍረቱም ሸሽቼ ገባሁ።
አንድ ሰው መጥቶ «ባና ሥራልኝ» አለው።
ክሩን አልነካም።
«ስንት ናችሁ የምትተኙበት?
ሕፃን አለ? መደብ ነው አልጋ?
ሱፉስ ተፈትሏል?»
መልሱን ሰምቶ ዝም አለ፣ ከዚያ ድሩን ዘረጋ።

በማግስቱ ማታ፣ ኮምፒዩተሩን ሳልከፍት፣
ከትኬቴ ጀርባ፣ በእርሳስ፦

ክትባት ሐሙስ ነው።
ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።
ከአሮጌው እህል ጎተራ ጀርባ፣ በወንዙ በኩል።
ሦስት ወር ያልሞላው ግልገል አይምጣ።
ገንዘብ አይጠየቅም።

ሃያ ቃል አይሞላም፤ ሌሊቱን ግን ፈጀ።
የከብት ሐኪሙን ሦስቴ ከእንቅልፉ ቀሰቀስሁት፣
«ጀርባ ስትል በየት በኩል?» እያልሁ።

ከዚያ መዳፍ የምታህል ስፋት አመጣሁና
ቃሉን አስቀመጥሁባት፤ በቃችው።
ሰፋ አደረግሁ፤ ቃሉ ተንፈስ አለ።
ደግሞ ሰፋ፤ ቀኑ በአንድ ወገን፣ ቦታው በአንድ ወገን
እንደ ሚዜ ዘርዘር ብለው ቆሙ።
መስመር ስፈልግ የት እንደማሰምር ቃሉ ነገረኝ፤
ሣጥን ልጨምር ስል «ለማን?» ብሎ ጠየቀኝ፤
ለማንም አልነበረም፤ ተውሁት።

ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ።
«ደርሰናል፣ አሥራ አራቱም ተወጉ» አለች ስንቅነሽ።
ልዘጋው ስል፦ «ስማ እንጂ፣ ያ በግ የት ሄደ?»
«የትኛው?»
«ቀንዳሙ! ልጆቹ አምጪ እያሉ ነዘነዙኝ።»

መለስሁት።
ሰፊው መስታወት ላይ፣ ቦታ በተረፈበት፣ ከጽሑፉ ጎን፤
ጠባቡ ላይ ከሁሉም ግርጌ፣ ትንሽ፣ ከነላቱ፣
ክትባቱን አንብቦ ለጨረሰ ሰው
ብቅ የሚል።